ዘጠኝ ቁጥር ፍሬ ለአበልጄ

ላርናካ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.

ዛሬ ከፒየሪስ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፒየሪስ የሩቅ ዘመዴ ነው፤ የእሱ ሴት አያትና የእኔ ሴት አያት እኅትማማች ነበሩ። ልጄን ዴስፖን ክርስትና ካነሣት ወዲህ ግን አበልጄ ነው። በእኛ ደሴት አበልጅ ከወንድም ይቀርባል፤ የጠየቀህን እምቢ አትለውም። ጦርነቱ ከመንደራችን ሲያፈናቅለን እሱ ከሚስቱ ከክሪስታሌኒ ጋር አውስትራሊያ ገባ፣ እኔና ሚስቴ ማሪኩ እዚህ የአደን ዕቃ ሱቅ ከፈትን። ከሱቁ ጀርባ የርሽ ጥይት ቀለህ በባሩድና በእርሳስ ፍሬ የምሞላበት ማሽን አለኝ። የምልከውን ደብዳቤ ቅጂ እዚህ ማስቀረት ልማዴ ስለሆነ የእሱንም ከየቀኑ ጋር አያይዘዋለሁ።

*

ሜልቦርን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1987

ለውድ አበልጄ ለሎይዞስ፣

ይህ ወረቀት አንተን፣ ማሪኩንና የክርስትና ልጄን ዴስፖን በጤና እንዲያገኛችሁ የላርናካው ቅዱስ አልዓዛር ይርዳ። እኔና ክሪስታሌኒ ለክፉ አንሰጥም። ዛሬም ዳቦ በመኪና አድላለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ስኪት ሜዳ ወርጄ ከአውስትራሊያኖቹ ጋር እተኩሳለሁ። ቋንቋቸውን እስከ ዛሬ በደንብ አልያዝሁትም፤ ሸክላ ሲሰበር ግን ትርጉም አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ለሚመጣው ፋሲካ አገሬ እገባለሁ። የመንደራችን ልጆች በዳግማ ትንሣኤ በሚያደርጉት ውድድር ካንተ ጋር ተጣምሬ መተኮስ እፈልጋለሁ። የአሸናፊዎቹ ጋሻ ላይ ስሜ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀረጸው ከጦርነቱ በፊት በነበረው ፋሲካ ነው። ሃምቢስ ሥጋ ሻጩ «ፒየሪስ የሸሸው ከጦርነቱ ሳይሆን ከእኔ ነው» እያለ ለመጣ ለሄደው እንደሚያወራ እዚህ ድረስ ሰምቻለሁ። ይህን ይዤ መሞት አልፈልግም።

ጠመንጃዬ ያለው አንተ ዘንድ ነው። ጥይቱን አንተ ሙላልኝ። ፍሬው እንደ ዱሮው ዘጠኝ ቁጥር ይሁን። የዚህ አገር ጥይት ቀለለብኝ መሰለኝ፤ አምና ከሃያ አምስት ሃያ ሦስት እመታ የነበርኩት ዘንድሮ ከሃያ አላልፍም።

ክሪስታሌኒ ማሪኩን ሳምልኝ ትላለች። እግዚአብሔር ለዓይን ያብቃን።

አበልጅህ ፒየሪስ

*

ላርናካ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1987

ለተወደድክ አበልጄ ለፒየሪስ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በደጅህ ይግባ። እኛ ደኅና ነን። ዴስፖ «የክርስትና አባቴ ሲመጣ እኔም እተኩሳለሁ» ብላለች፤ የምታርፍበትን ክፍል ካሁኑ እያስቀባችልህ ነው።

ጠመንጃህ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። በየዓመቱ አወጣዋለሁ፣ ወልውዬ እመልሰዋለሁ። አፈሙዙ እንደ መስተዋት ነው።

ፍሬውን በተመለከተ አንድ ችግር አለ። አሁን የአደን ወቅት ነው። አስመጪዎቹ ሁሉ ለጥንቸል አራት ቁጥር፣ ለቆቅ ስድስትና ሰባት ነው የሚያራግፉት። ዘጠኝ ቁጥር ስትጠይቃቸው እንደ ሕፃን ያዩሃል። ይሁን እንጂ እፈልጋለሁ። ካገኘሁም በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አላምንም፤ የኢጣሊያኑ ዘጠኝ ከእንግሊዙ ዘጠኝ ይወፍራል። ፍሬውን በመለኪያ ይዤ ሁለት ሚሊሜትር ካልሆነ አልወስድም። አንተ ራስህን ብቻ ይዘህ ና።

ሃምቢስ ሰምቷል። «ለአበልጅህ ወንበር አዘጋጅለት፣ መንገዱ ያደክመዋል» ብሎኛል።

አበልጅህ ሎይዞስ

*

ኦክቶበር 27

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የሚከፍት ሰው ስኪትን ላያውቅ ይችላል። ሜዳው ግማሽ ክብ ነው። በግራ ጫፍ ረጅም ቤት አለ፣ በቀኝ ጫፍ አጭር ቤት። ከሁለቱም የሸክላ ሳህን ይወረወራል፤ የሁለቱ መንገድ የሚገናኘው መሐል ላይ ከቆመው ምሰሶ በላይ ነው። ተኳሹ ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው እየዞረ ይተኩሳል። ሳህኑ ቅርብ ነው፣ ግን ፈጣን ነው። ስለዚህ ብዙ ትናንሽ ፍሬ ያስፈልጋል፤ የቁጥሩ ስም ከፍ ባለ መጠን ፍሬው ያንሳል። ዘጠኝ ቁጥር በአንድ ጥይት ውስጥ ስድስት መቶ ገደማ ይገባል። ሰባት ተኩል ከሦስት መቶ ሃምሳ ብዙም አያልፍም። ጎበዝ ተኳሽ ሳህኑን ምሰሶው ጋ ሳይደርስ በዘጠኝ ሲያገኘው ሳህኑ አይሰበርም፣ አቧራ ይሆናል።

ዘጠኙን ፍለጋ ኒኮሲያ ሄጄ አጣሁ። ሊማሶል ወደብ ላይም አጣሁ። ዛሬ ጳፎስ ወርጄ አርጊሩ የምትባል የአንድ ነጋዴ ሚስት ዘንድ ደረስሁ። ባሏ ሞቶ ሱቁን የያዘችው እሷ ናት፤ ሲሚንቶም ጥይትም አብራ ትሸጣለች።

«አራት አለ፣ ስድስት አለ፣ ሰባት አለ» አለችኝ።

«ዘጠኝ።»

«ምን ልታድንበት? ድንቢጥ?»

«ሸክላ።»

«ሸክላ አይበላ» አለችና ከሲሚንቶው ሥር ሦስት ከረጢት አሳየችኝ። «ሟቹ ለናንተ ዓይነቶቹ ብሎ አስመጥቶ ነበር። መሬት ላይ ተጎልቶ ዓመት አለፈው።»

መለኪያዬን ከኪሴ አውጥቼ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ያዝሁ።

«ሴት የሸጠችውን ነው የምትለካው?»

«የአባቴንም እለካ ነበር።»

ሁለት ሚሊሜትር ነው። አንድ ከረጢት ይበቃኛል ብላት «ሦስቱንም ካልወሰድክ አንዱንም አታገኝም፤ ወገቤ ከእነሱ ጋር መታገል ሰልችቶታል» አለችኝ። ተከራከርኳት፤ አልተበገረችም። ሦስቱንም ጫንሁ። አንዱ ለፒየሪስና ለእኔ ነው። ሁለቱን ማን እንደሚገዛኝ አላውቅም።

*

ሜልቦርን፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1987

ለውድ አበልጄ ለሎይዞስ፣

የልደት በዓል ከመላው ቤተሰብህ ጋር በደስታ ይግባላችሁ። መልስ ያዘገየሁት በመኪናዬ ጣጣ ነው። በዚህ ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ግራ ጎኗን አስፋቅሁ። አንድ ወፈፌ ከየት እንደመጣ ሳላይ ጎኔ ተገኘ። ክሪስታሌኒ «ዕድሜህ ነው» ትላለች። ዕድሜ መኪና ይፍቃል እንዴ?

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ዘጠኙን ተወውና ስምንት ቁጥር ሙላልኝ። ዘጠኝ ደካማ ነው፤ ሳህኑን ነክቶት እንኳ ሳይሰብረው ያልፋል። ሜዳው ነፋሻ ነው፣ ከበድ ያለ ፍሬ ይሻላል። እዚህ ስምንት ሞክሬ ትንሽ ተሽሎኛል።

አማቼ ስታማቲስ ስተኩስ ፎቶግራፍ አንሥቶኛል፤ ውስጡ አለልህ። ለሃምቢስ አሳየው። ሳህኑ ሲሰበር ይታያል።

ትኬቱን ገና አልገዛሁም። እገዛለሁ።

አበልጅህ ፒየሪስ

*

ላርናካ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1988

ለተወደድክ አበልጄ ለፒየሪስ፣

አዲሱ ዓመት የተባረከ ይሁንልህ። ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ሃምቢስን ያላሳየሁት ረስቼ አይደለም።

ዘጠኝ ቁጥር አግኝቻለሁ። ዝም ብዬም አልተቀመጥሁ፤ አንድ ቆርቆሮ በኖራ ቀብቼ ሃያ ርምጃ ላይ አቆምሁና በየቁጥሩ በጠመንጃህ ተኮስሁበት። ዘጠኙ ሳህን የሚያሳልፍ ክፍተት የለውም። በስምንቱ ክፍተት ይታያል። በሰባት ተኩሉ ሳህኑ በመሐል ሾልኮ ሊያመልጥ ይችላል። ስለ ነፋሱ ያልከው አልጠፋኝም፤ ነፋስ ግን የሚያጣምመው ይበልጥ ሳህኑን ነው።

ስለዚህ ከመሙላቴ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። የምትስተው የየትኛውን ቤት ሳህን ነው፣ የግራውን ወይስ የቀኙን? ስትመታስ የሚሰበረው ከምሰሶው በፊት ነው ወይስ ካለፈ በኋላ?

ማሪኩ ትስምሃለች።

አበልጅህ ሎይዞስ

*

ሜልቦርን፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1988

ለአበልጄ ለሎይዞስ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። እኔ ጥይት ሙላልኝ አልኩህ፣ አንተ እንደ ፖሊስ ትመረምረኛለህ። የምስተው የግራውን ነው። ምናለበት? የግራው ቤት ረጅም ነው፣ ሳህኑም ፈጣን ነው። የሚሰበረው ካለፈ በኋላ ነው፤ ቢሰበር አይበቃም?

አሁን ስምንቱም አላረካኝም። ሰባት ተኩል አድርግልኝ። የእኛ አባቶች የሳቱ እንደሆነ ፍሬውን ያወፍሩ ነበር፤ ቆቅም ጥንቸልም ያበሉን በዚያ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ አትቀየም። ጳፎስ ሄደህ ዘጠኙን በከረጢት እንደገዛህ ዴስፖ ጽፋልኛለች። የተጎለተብህን ዕቃ በአበልጅህ ጠመንጃ ልታስወጣ ከሆነ ንገረኝና እከፍልሃለሁ።

ሰባት ተኩል። ሌላ አልጠይቅም።

ፒየሪስ

*

ፌብሩዋሪ 29

«ይህን አንብቢው» ብዬ ለማሪኩ ሰጠኋት። ሽንኩርት እየላጠች አነበበች።

«ተቀይሟል» አለች። «ሰባት ተኩል ምን ቸገረህ? መደርደሪያው ሞልቶ የለ?»

«ሞልቷል።»

«እና?»

ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ፒየሪስ በጀርባው ይታያል። ሳህኑ ሦስት ቦታ ተሰብሮ እየወደቀ ነው፤ ከምሰሶው አልፎ፣ በስተቀኝ ርቆ፣ ወደ ሣሩ ወርዶ። ለዚያን ያህል ርቀት ሰባት ተኩል መጠየቁ ልክ ነው። ዘግይቶ የሚተኩስ ሰው ወፍራም ፍሬ ይሻለዋል። ግን ፒየሪስ ዘግይቶ ተኩሶ አያውቅም። ሳህኑ ከቤቱ አንገቱን ሳያወጣ የሚነቃ ሰው ነበር።

«የግራውን ነው የሚስተው» አልኳት። «መኪናዋንም ሁለት ጊዜ ያስፋቃት በግራ ነው። የመጣውን ሰውዬ አላየሁትም ይላል።»

ማሪኩ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አጎት ቶፊስ» አለች።

ቶፊስ የአያቶቻችን ወንድም ነበር። ማንም ምንም ሳይጠረጥር በጎን የሚመጣው ይሰወረው ጀመር፤ የበር መቃን ይገጨው ነበር፣ ሰዎች ጠጣ እያሉ ይስቁበት ነበር። በስተርጅና በልጅ ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው። ሐኪም ሲያየው «የዓይን ግፊት ነው፣ ቀደም ብሎ ቢመጣ የቀረው ይድን ነበር» አለ።

«ጻፍለት» አለች ማሪኩ።

«ምን ብዬ? አበልጄ ሆይ፣ እየታወርክ ነው ብዬ?»

«ታዲያ ሰባት ተኩሉን ሙላለትና መቃን እየገጨ ይኑር።»

*

ላርናካ፣ ማርች 3 ቀን 1988

ለተወደድክ አበልጄ ለፒየሪስ፣

ለአንተ፣ ለክሪስታሌኒና ለልጆችህ ጤናን እመኛለሁ። የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምህ።

ይህን ሱቅ ከከፈትሁ ጀምሮ ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መልሼ አላውቅም። አንተን እመልስሃለሁ። ሰባት ተኩል አልሞላልህም።

ጥያቄህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ለዘገየ ሰው ትክክለኛው ፍሬ እሱ ነው። እኔ የምጠይቀው ለምን እንደዘገየህ ነው። ሳህኑ ከግራው ቤት ሲወጣ የምታየው አይመስለኝም። የምታየው ምሰሶው ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። መኪናዋን የፋቀውም ሰው ወፈፌ ላይሆን ይችላል። አጎት ቶፊስን ታስታውሰዋለህ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ መነጽር የሚሰጠው ጋ ሳይሆን ግፊት የሚለካው ጋ። ባለፈው የጠፋው አይመለስም ይባላል፤ የቀረው ግን ይጠበቃል።

ዘጠኙ ከረጢት ውስጥ ነው። ለማንም ልሸጠው እችላለሁ። ጉዳዩ ከረጢቱ አይደለም።

አበልጅህ ሎይዞስ

*

ኤፕሪል 17፣ ዳግማ ትንሣኤ

መልስ የለም። ፋሲካም አለፈ፣ ፒየሪስም አልመጣም። ዴስፖ ቀለም ያስቀባችው ክፍል ተዘግቷል።

ውድድሩ ላይ ብቻዬን ተኮስሁ። ሃምቢስ በጉን እሳት ላይ እያዞረ ጠበቀኝ።

«አበልጅህ የታለ? ካንጋሩ ረገጠው?»

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«በል ለአንተ ቁራጭ ሥጋ፣ ለእሱ ደግሞ አጥንቱን በፖስታ እንላክለት።»

ጋሻውን እሱ ወሰደ። አበልጄን እምቢ ማለቴን ለመንደራችን ሰው አልተናገርሁም፤ ዴስፖ ግን አንድ ቦታ አምልጧት ኖሮ ሁለት ሽማግሌዎች ሰላምታዬን በጭንቅላት ብቻ መለሱልኝ። በዚህ ነገር እነሱን አልወቅስም። ልማዱን አፍርሻለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ማሪኩ መኪና ውስጥ «አንተስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«ቶፊስ ያንተም አያት ወንድም ነው።»

*

ላርናካ፣ ጁን 2 ቀን 1988

ለተወደድክ አበልጄ ለፒየሪስ፣

እንደተቀየምከኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሰላምታ ዕዳ አይቀርም። በያላችሁበት ሰላም ሁኑ።

ምርመራው ምን እንደሚመስል ልጽፍልህ ፈልጌ ኒኮሲያ ወደ አንዲት ሐኪም ሄድሁ።

«የመጡት ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአበልጄ።»

«የታሉ?»

«አውስትራሊያ።»

«እንግዲያው አገጭዎን እዚህ ላይ ያድርጉ፤ እስከ አውስትራሊያ አላይም።»

አያምም። ጠብታ ያደርጉብሃል፣ ዓይንህ ይደነዝዛል፣ ሰማያዊ መብራት ይቀርብና ግፊቱን ይለካል። ከዚያ ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ አፍጥጠህ፣ ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለህ። አንተ ትወደዋለህ፤ ስኪት ነው።

ሐኪሟ ቁጥሩን ካየች በኋላ ለአበልጄ ሳይሆን ለእኔ ጠብታ አዘዘችልኝ። ግፊቴ ከፍ ብሏል፤ ከዓይኔ ገና ምንም አልበላም፣ ሊበላ ግን ተዘጋጅቷል። ያንተን ላይ ሄጄ የራሴን አገኘሁ። አንተ ሰባት ተኩል ባትጠይቀኝ ኖሮ እኔም ሳላውቀው መቃን መግጨት እጀምር ነበር። ስለዚህ ባለዕዳው እኔ ነኝ፤ ካሁን በኋላ ብትሰድበኝም እቀበላለሁ።

ጠብታዋ ታቃጥላለች። ማሪኩ ራሴን ይዛ ስታደርግልኝ እንደ ጥጃ እወራጫለሁ።

አበልጅህ ሎይዞስ

*

ኦገስት 20

ከፒየሪስ ምንም የለም። አንድ የኒኮሲያ ክለብ ዘጠኝ ቁጥር እንዳለኝ ሰምቶ ሦስቱንም ከረጢት ሊገዛኝ መጣ። ዋጋው ጥሩ ነበር። አልሸጥሁም። ማሪኩ ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ እኔም በነጋዴ ቋንቋ ላስረዳት አልችልም ነበር።

*

ሜልቦርን፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1988

ለውድ አበልጄ ለሎይዞስ፣

የእግዚአብሔር ሰላም በቤትህ ይሁን። ዓይንህስ እንዴት ነው?

የማርቹን ደብዳቤህን ቀድጄ ጣልሁት። የጁኑን ክሪስታሌኒ ከእጄ ቀምታ አነበበችው፤ ከዚያ በኋላ በቤቴ ሰላም አላገኘሁም። አማቼ አንድ ማለዳ ዳቦ ልናድል ነው ብሎ መኪና ውስጥ አስገብቶኝ ሐኪም ቤት በር ላይ አወረደኝ።

ጎድጓዳው ውስጥ አፈጠጥሁ። ብልጭ ሲል ቁልፉን እጫናለሁ፣ እጫናለሁ፤ ከመቶ ዘጠናውን የመታሁ መሰለኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየኝ። በግራ ዓይኔ በኩል ጥቁር ነው፣ ቀለም እንደተደፋበት። «ብልጭ ሲል አላየኸውም፣ ስላላየኸው እንዳልነበረ ቆጠርከው» አለኝ። አበልጄ፣ ለካ የጠፋብህ ነገር እንደጠፋ አይታወቅህም። ያኔ መኪናዋ ትዝ አለችኝ። በዚያ በግራ በኩል ሰው ሊሻገር ይችል ነበር።

የጠፋው አይመለስም። ቀኙ ግን ብዙ አልተነካም፤ ቀዶ ጥገናም ተደረገልኝ፣ ጠብታም ይዣለሁ። መንዳት ተከልክያለሁ። ዳቦውን አማቼ ያድላል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ መንገዱ አስቸግረዋለሁ።

ስለ ከረጢቱ የጻፍሁት ነገር ነውር ነበር። ይቅር በለኝ።

ለሚመጣው ፋሲካ ትኬት ገዝቻለሁ፤ አሁን እውነቴን ነው። የግራውን ቤት ጉዳይ እንዴት እንደማደርገው አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።

ዘጠኝ ቁጥር ሙላልኝ።

አበልጅህ ፒየሪስ

*

ላርናካ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1988

ለተወደድክ አበልጄ ለፒየሪስ፣

ደብዳቤህን ለማሪኩ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ቀሪውን ዓይንህን ቅዱስ አልዓዛር ይጠብቅልህ።

የግራውን ቤት እንዲህ አድርገው። ዱሮ ወደ ምሰሶው ዞረህ ትቆምና ቤቱን በዓይንህ ጥግ ትጠብቀው ነበር። ያ ጥግ አሁን የለም። ስለዚህ እግርህንና ፊትህን ወደ ቤቱ አዙር፤ ሳህኑ ሲወጣ በደኅናው ዓይንህ ፊት ለፊት እየው፣ ከዚያ ወገብህ ይዙር። መጀመሪያ ትስታለህ። እስክትመጣ ድረስ ያለ ጥይት ቤትህ ግድግዳ ላይ ተለማመድ። ክሪስታሌኒ ብትስቅ ዝም በላት።

ሃምቢስ እንደምትመጣ ሰምቶ በጉን ካሁኑ መርጫለሁ ብሏል።

አበልጅህ ሎይዞስ

*

ሜይ 7 ቀን 1989፣ ዳግማ ትንሣኤ

ከሜዳው አጠገብ ያለው ጨው ሐይቅ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ነፋስ አልነበረም።

ፒየሪስ ከስቷል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በግራው ቀርቤ ልስመው ስል ደነገጠ፤ ከዚያ ወዲህ በቀኙ እቀርበዋለሁ። ጠመንጃውን ከጨርቁ ፈትቼ ሰጠሁት። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ በቀኝ ዓይኑ አሾልኮ አየና «ጠብቀኸዋል» አለ።

ሃምቢስ ሜዳው ላይ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«አቤት አቤት፣ ፒየሪስ! እኔ እኮ ሞተህ ደብዳቤህን ሌላ ሰው የሚጽፍልህ መስሎኝ ነበር።»

«ሞቼ ነበር፤ አንተ አሁንም በግ ትሰርቃለህ ወይ ብዬ ላይ መጣሁ።»

«ይኸው በጉ። ከአሥር በታች የመታ ጅራቱን ነው የሚበላው።»

«ጅራት እወዳለሁ።»

በመጀመሪያዎቹ መቆሚያዎች የግራውን ሳህን ሳተ፣ ደግሞም ሳተ። የቀኙን ይመታል። ከኋላችን የሆነ ሰው «ያ ፒየሪስ ነው?» ሲል ሰማሁ። ፒየሪስም ሰምቷል። ዴስፖ አንድ ነገር ልትል ወደ እኔ አየች፤ በጭንቅላቴ ተይው አልኋት።

አራተኛው መቆሚያ መሐል ላይ ነው፣ ሳህኑ እዚያ ከሁሉም ይፈጥናል። ፒየሪስ ቆመ፣ ከዚያ እግሩን አነሣና አዞረ፤ ፊቱን ወደ ግራው ቤት ሙሉ በሙሉ መለሰ፤ ለምሰሶው ጀርባውን የሰጠ እስኪመስል ድረስ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እንደዚያ የሚቆም ተኳሽ አይተው አያውቁም።

«ልቀቅ» አለ።

ሳህኑ ከቤቱ ወጣ። ፒየሪስ ወገቡ ዞረ። ተኩሱን ስሰማ ዓይኔን ሳህኑ ላይ ሳይሆን ምሰሶው ላይ ተክዬ ነበር፤ ምሰሶው ጋ ምንም አልደረሰም። ከእሱ በፊት አየሩ ላይ ትንሽ ጥቁር አቧራ ነበር፣ እሱም በነፋስ እጦት እዚያው ቆየ።

ፒየሪስ ጠመንጃውን ከመሐሉ አጥፎ ከፈተ፣ ቀለሁን አወጣና በእጁ ያዘው። ወደ እኔ አልዞረም።

በድምሩ ከሃያ አምስት አሥራ ስድስት መታ። እኔ ሃያ አንድ። ጋሻውን ሃምቢስና የእኅቱ ልጅ ወሰዱት፤ ስማቸውም ይቀረጻል። ሃምቢስ ሥጋ ሲቆርጥ ከጎድኑ የተሻለውን ለፒየሪስ አስቀመጠለት፤ «ይህ ጅራት ነው» አለው። ፒየሪስ «የአውስትራሊያ በግ ጅራቱ ከዚህ ይበልጣል» እያለ በላው።

ማታ ላይ ሁለታችንም ጠብታችንን አደረግን። ማሪኩ የእኔን፣ ዴስፖ የክርስትና አባቷን። እሱም እንደ ጥጃ ይወራጫል።

ከረጢቶቹን ዛሬ አየኋቸው። ሁለት ተኩል ቀርቷል። ፒየሪስ ከበሩ ቆሞ እጁን አንዱ ውስጥ ከትቶ ፍሬውን በጣቶቹ መሐል አንሸራተተው።

«ይህን ሁሉ ለማን ትሸጠዋለህ?» አለኝ።

ለማንም አልሸጠውም አልኩት። ዘጠኝ ቁጥር አይበላሽም።